በመስኮት የተዘጋው ቤት

በእኛ ከተማ ቤት የሚከፈተው ለአንድ ሥራ ብቻ ነው። ሥራ ያለው ሰው ወደ አዋሾች ግቢ ይሄድና «እንዲህ ያለ ሥራ አለብኝ» ይላል፤ እነሱም ሳይውሉ ሳያድሩ ግድግዳውን፣ ጣሪያውን፣ አግዳሚውን፣ ድስቱን ሁሉ ያውሱታል። ሥራው ሲያልቅ ቤቱም ያልቃል። ሰብሳቢዎች የሚባሉ ጉልበተኞች እየዘፈኑ ይመጡና ያለውን ሁሉ ነቅለው ይወስዳሉ፤ በማግስቱ በቦታው ላይ ዶሮ ትጭራለች። ስለ መክፈቱም ስለ መሰብሰቡም ማንም ቅሬታ የለውም።

ችግሩ መዝጋቱ ነው። በአገሩ ልማድ በአንድ ቤት የተቀጠረ ሁሉ ገና ሲገባ፣ በሩ አጠገብ ካለው ረጅም ምስማር ላይ አንድ ሰሌዳ ይሰቅላል። ሰሌዳው ላይ ቤቱ ሲዘጋ ምን እንደሚያደርግ ተጽፏል። የመዝጊያው ዕለት ሰሌዳዎቹ ከፊት ያለው እየቀደመ አንድ በአንድ ይወርዳሉ፣ ይነበባሉ፣ የተጻፈውም ይፈጸማል። ከፊት ያለው መጨረሻ የተሰቀለው ስለሆነ መጨረሻ የገባ ሰው መጀመሪያ ይፈጽማል፤ መጀመሪያ የገባው ደግሞ ሁሉም እስኪያልቅ ይጠብቃል። ይህን የሚያነበው ሰው ሰሌዳ አንባቢ ይባላል። እኔ፣ አየልኝ፣ ሰሌዳ አንባቢ ነኝ። ድምፄ ጥሩ ነው። ትዕግሥቴን በተመለከተ ሚስቴን ጠይቁ።

ድሮ ሰሌዳዎቹ «እሳቱን አጠፋለሁ»፣ «ደጁን እጠርጋለሁ» የሚሉ ነበሩ አሉ። በእኔ ዘመን ግን ሰው ሁሉ ተራቀቀ። «ድስቶቹን በየስማቸው እየጠራሁ አመሰግናለሁ» የሚል መጣ። «በዚህ ቤት የተኮራረፉትን ሁሉ አስታርቃለሁ» የሚል መጣ፤ ይህ ብቻ አራት ቀን ይፈጃል፣ ምክንያቱም በሦስተኛው ቀን ያልተኮራረፉትም ይኮራረፋሉ። ከሁሉ የከፋው «ሌላ ሰሌዳ እሰቅላለሁ» የሚለው ነው። ላይኛው ሰፈር ለአንድ ከሰዓት ባቄላ ለመፈልፈል የተከፈተ ቤት አለ፤ ይኸው ሠላሳ አንድ ዓመት ሲዘጋ ይኖራል። ዘጊዎቹ እርስ በርስ ተጋብተዋል፣ ልጆቻቸውም የየራሳቸውን ሰሌዳ ሰቅለዋል። በዚያ ሳልፍ ሰላም ስላቸው በደስታ እጃቸውን እያውለበለቡ «ልንጨርስ ነው!» ይሉኛል።

የፍጻሜ ሹማችን አቶ ደስይበለው ይባላሉ። ሥራቸው ቤቶች በወጉ መዘጋታቸውን ማየት ነው። አንድ ቀን የማር ማጣሪያ ቤት ሲዘጋ፣ ስድስተኛ ቀናቸውን ቆመው ሰሌዳ ሲያዳምጡ፣ ከጎረቤት የጥብስ ሽታ መጣ። ሹሙ ወደ በሩ ቢዞሩ በሩ ተራ በሚጠብቁ ሰዎች ታፍኗል። መስኮቱን አዩት። ካባቸውን ሰብሰብ አደረጉና ዘለሉ። የቤቱ አንባቢም «ሹሙ ከወጡማ» ብሎ ተከትሏቸው ዘለለ። እንግዲህ ሰብሳቢዎች የሚጠብቁት ምልክት የአንባቢውን መውጣት ነው፤ በየት በኩል እንደወጣ አይጠይቁም። ዘፈናቸውን ጀመሩ። ሹሙ የመጀመሪያውን ጉርሻ ሳይውጡ ቤቱ አልነበረም።

አቶ ደስይበለው አፋቸው እንደሞላ አደባባይ ወጡ። «ወገኖቼ፣ ለካ ይሄን ሁሉ ዘመን በከንቱ ነው የደከምነው! እቃው የተዋስነው ነው፤ ያዋሰው ይወስደዋል። እኛን ምን አገባን?» አሉ።

ከተማው ሰከረ ብል ማጋነን አይደለም። በዚያ ሳምንት በበር የወጣ ሰው ቢኖር እንግዳ ነው። ዳኛው ፍርዱን አንብቦ «ስለዚህም» ሲል ዘለለ፤ ከሳሽና ተከሳሽ ባዶ ሜዳ ላይ ተፋጠው ቀሩና ተያይዘው ጠላ ሊጠጡ ሄዱ። ፀጉር አስተካካዩ ግማሽ ራስ ላጭቶ ዘለለ፤ ከዚያ ወዲያ ግማሽ መላጨት የጎበዝ ምልክት ሆነ። አዋሾች ከግድግዳው መስኮቱ የሚበዛ ቤት ማዋስ ጀመሩ። እኔም ሳልዋሽ ልናገር፣ ሰባት ቤት በመስኮት ዘግቻለሁ፤ በሰባቱም አየር ላይ ሳለሁ ስቄያለሁ።

በዚያው ሰሞን አገባሁ። የሻረግ ትባላለች፤ ሥራዋ መቀመጥ ነው። አንድ ቤት ወፍጮም ሆነ ድልድይ ለብቻው ሲፈልግ፣ መግቢያው ላይ በርጩማ አድርጎ ሰው ያስቀምጣል። ተቀማጩ ለመጣው ሁሉ «ተይዟል» ይላል። ያስቀመጠው ቤት ሰሌዳውን አንብቦ «ተነሣ» እስኪለው ድረስ ከዚያ አይንቀሳቀስም። በአባቶቻችን ጊዜ አንድ ተቀማጭ በራሱ ፈቃድ ተነሥቶ፣ ድልድዩ መሃል ሥዕል ሲሥሉ የነበሩ ሦስት ሰዎችን የአህያ መንጋ ወንዝ ከትቷቸዋል። ሠዓሊዎቹ ዋኝተው ወጡ፤ የተቀማጩ ስም ግን እስከ ዛሬ አይነሣም። የሻረግ አሥራ ሰባት ጊዜ ተቀምጣ አንድም ጊዜ ያለ ሰዓቷ አልተነሣችም። እሷ በዚህ ትኮራለች፤ እኔም እኮራባታለሁ።

በተጋባን በአሥራ ዘጠነኛው ቀን ሁለታችንም በአንድ ቤት ተቀጠርን። ቤቱ የተከፈተው የወንዙን ድልድይ ርዝመት ለመለካት ነው። ድልድዩ አስቀድሞ መያዝ ስላለበት፣ ከሁሉ በፊት ሰሌዳዋን የሰቀለችው የሻረግ ናት። «ቤቱ ሲዘጋ የሻረግን ‹ተነሺ› በሏት» ይላል። በእሷ ላይ ሌሎች አርባ ሰዎች ሰቀሉ፤ ገመድ ያዡ፣ የገመድ ያዡ ረዳት፣ ወጥ ሠሪዋ፣ ጸሐፊው፣ «ጎበዝ!» ባዩ። ወደ በርጩማዋ ስትሄድ እጄን ጨበጥ አድርጋ፣ «ምሳ አብረን እንበላለን፤ እንዳትቆይ» አለችኝ።

ልኬቱ ከምሳ በፊት አለቀ። አርባ አንዱን ሰሌዳ አየሁ። ከፊት ያለው የገመድ ያዡ ረዳት ነው፦ «ገመዱን ጠቅልዬ፣ ስላረጠብኩት ይቅርታ እጠይቀዋለሁ፤ እስኪመልስልኝም እጠብቃለሁ» ይላል። መስኮቱን አየሁ። ዝቅ ያለ ነው። ምሳው ትዝ አለኝ፣ እሷም ትዝ አለችኝ፣ ዘለልኩ። አርባው ሰው እልል እያለ ተከተለኝ። ዘፈኑ ከኋላዬ ሲጀመር እኔ ሰፈሬ ደርሻለሁ።

ምግቡን አቀራረብኩ። ሁለት ብርጭቆ አጠብኩ። እያንጎራጎርኩ ጠበቅኋት። ወጡ ቀዘቀዘ፤ አሞቅኩት፤ እንደገና ቀዘቀዘ። ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ጎረቤቴ እማማ ዘርፌ ብቅ አሉ።

«አየልኝ፣ ያቺ ሚስትህ ድልድዩ አፍ ላይ እንደተቀመጠች ናት። ሕዝቡ በሁለቱም ማዶ ቆሞ ቀረ እኮ። ምን አድርገናት ነው?»

ያኔ ገባኝ። እሷን ለማግኘት ስቸኩል እሷኑ ጥያት መጥቻለሁ። አፈርኩ፤ እንዲህ አፍሬ አላውቅም።

ስደርስ የሻረግ ጀርባዋን ቀጥ አድርጋ ተቀምጣለች። በርጩማው ያለው ወደ ድልድዩ በሚያስወጣው ደረጃ ግርጌ፣ ከወንዙ አፋፍ ዝቅ ብሎ ነው። በላይኛው አገር ክረምቱ እንደገባ ከሰሞኑ ተወርቷል፤ ወንዙ ሲሞላ ያንን ደረጃ እንደሚውጠው ሁላችንም እናውቃለን።

«የሻረግ፣ ተነሺ!» አልኳት።

«ቤቱ ተዘጋ?»

«ተዘጋ… በመስኮት።»

«ሰሌዳዬ ተነበበ?»

«አልተነበበም።»

«እንግዲያው አንብበህ ና» አለችኝ። ከዚያ «ርቦኛል» አለች።

ምሳውን እዚያው አመጣሁላት። እየበላች ለመጣው ሁሉ «ተይዟል» ትላለች። በርጩማውን ከነሷ ተሸክመን ከፍ ወዳለ ቦታ እንውሰዳት ያሉ ነበሩ፤ «በርጩማው ከተነቃነቀ ተነሣሁ ማለት ነው» ብላ ከለከለች። በእሷ ተናደድኩ፣ በራሴ ተናደድኩ፣ ከሁሉ በላይ ትክክል መሆኗ አናደደኝ።

ወደ ሰብሳቢዎች ሮጥኩ። አለቃቸው ወይዘሮ ትሁኔ ወገባቸውን ይዘው አዳመጡኝ።

«ሰሌዳ? እንጨት እኮ እንጨት ነው ወንድሜ። ተፈልጦ ለሌሎች ቤቶች ታድሏል» አሉኝ።

«ሚስቴስ?»

«እኛ የምንሰበስበው ያዋስነውን ነው። ሚስትህን እኛ አላዋስንህም።»

ከሰሌዳዎቹ አንዱን አዲስ ፀጉር ቤት ውስጥ መደርደሪያ ሆኖ አገኘሁት። «ገመዱን ጠቅልዬ» ይልና ከዚያ በኋላ በሌላ ሰው እጅ «ግራ ጎን ብቻ እንላጫለን» ይላል። ሌላ መላ ስለጠፋኝ ድምፄን ከፍ አድርጌ እንዳለ አነበብኩት። ደንበኞቹ አጨበጨቡልኝ። የሻረግ ግን አልተነሣችም።

በሦስተኛው ቀን አቶ ደስይበለው ጸሐፊውን አስጠሩ። እንደ ደንቡ ጸሐፊ የሰማውን ወዲያው ትልቁ መዝገብ ላይ አያሰፍርም፤ በቁራጭ ወረቀት እየጻፈ ከረጢቱ ውስጥ ያጠራቅምና፣ ከረጢቱ ሲሞላ ወይም ቤቱ ሲዘጋ ወደ መዝገቡ ይገለብጠዋል። ሹሙ «ድልድዩ ርዝመቱ ስንት ሆነ?» ሲሉት ጸሐፊው ግራ ቀኙን አየና፣ «ከረጢቴ ውስጥ ነበር» አለ። ከረጢቱ ደግሞ የተዋሰ ነው፤ እሱም ከነሆዱ ተሰብስቧል።

«ምንም አይደል» አሉ ሹሙ፤ ሰውየው ሐዘን አይበረክትባቸውም። «ቤቱ በዚያው ስም እንደገና ይከፈት። ድልድዩን ይለካ፤ በወጉ ይዘጋ፤ ልጅቷም ትነሣ። አየህ አየልኝ፣ ቀላል ነው።»

እኔም አቀፍኳቸው። ቤቱ ተከፈተ። ገመዳችንን ይዘን በሰልፍ ወደ ድልድዩ ወረድን። ውሃው የሻረግን ቁርጭምጭሚት ነክቷል።

«ተይዟል» አለችን።

«በማን?» አሉ ሹሙ።

«በድልድይ ለኪዎች ቤት።»

«የድልድይ ለኪዎች ቤት እኮ እኛ ነን!»

«እንግዲያው እስክትጨርሱ ጠብቁ» አለች የሻረግ።

ሹሙ ይህን ነገር ተቀምጠው አሰቡበት። ሁላችንም ተቀመጥን። ምክንያቷ ልክ ነው። ድልድዩን እስክንለቅ ድረስ ድልድዩን መያዝ አንችልም፤ የያዝነው ደግሞ እኛ ነን፤ ግን እነዚያ እኛ የሉም። ገመድ ያዡ በሳቅ ፈነዳ፤ ቀጥሎ ሁሉም ሳቀ፤ ሹሙ እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። የሻረግም ሳቀች። እኔ ግን እግሯን ነበር የማየው። ስትስቅ ውሃው ተንቦጫረቀና እስከ ባቷ ረጠበች።

«ዝም በሉ!» ብዬ ጮህኩ። ሰሌዳ የማነብበት ድምፅ ነበር፣ ሁሉም ዝም አለ። «ያ ቤት አልተዘጋም። ሜዳው ላይ ሄደን እንዘጋዋለን፤ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው።»

«ቤት በሌለበት?» አለ ጸሐፊው።

«ቤት በሌለበት!»

«ሰሌዳ በሌለበት?»

«የራስህን ሰሌዳ አታስታውስም? አንተ አይደለህ የጻፍከው!»

እየሮጥን ወደ ባዶው ሜዳ ሄድን፤ ሁለቱን ማዶ ሞልቶ መሻገሪያ ያጣው ሕዝብም፣ የኛ ማዶው ማለቴ ነው፣ ግር ብሎ ተከተለን። አርባው ሰው በገባበት ቅደም ተከተል ይሰለፍ አልኩ፤ «እኔ ካንተ በፊት ነው የሰቀልኩት»፣ «የለም፣ ኮቴን ሳወልቅ ነው የቀደምከኝ» እያሉ ተጨቃጨቁ። እማማ ዘርፌ በከዘራቸው እየነኩ አሰለፏቸው። ከዚያ ጀመርን። የገመድ ያዡ ረዳት የሌለ ገመድ ጠቅልሎ ይቅርታ ጠየቀ፤ እስኪመልስለት ሊጠብቅ ሲል ሕዝቡ በአንድ ድምፅ «ምሬሃለሁ!» አለለት። ወጥ ሠሪዋ የሌሉ ድስቶችን በየስማቸው እየጠራች አመሰገነች፤ አሥራ አራት ነበሩ፤ ሕዝቡ ለእያንዳንዱ «አቤት» አለላት። አስታራቂው ተኮራርፈው የነበሩትን ሲጠራ መላው ከተማ ወጣ፤ አራት ቀን የሚፈጀው እርቅ አንዱ ሌላውን እየሳመ በሩጫ አለቀ። ከላይኛው ሰፈር ባቄላ ፈልፋዮቹ ሁካታውን ሰምተው፣ «ለካ እንዲህም ይዘጋል!» እያሉ ቆመው ያያሉ።

መሃል ላይ አንዲት ሴት፣ ጥጥነሽ የምትባል ውሃ ቀጂ፣ እያፈረች ወደ ፊት ወጣች። «የእኔ ‹ሌላ ሰሌዳ እሰቅላለሁ› ይላል» አለች።

«የምትሰቅዪው ምን ይላል?» አልኳት።

«ገና አላሰብኩትም።»

«እባክሽ ጥጥነሽ፣ ‹አበቃ› በዪበት።»

ተክዛ አሰበች። «አጭር ነው» አለች። «ግን ደስ ይላል።» ሕዝቡም «አበቃ!» ብሎ ጮኸ፤ እኔ ከሁሉ በላይ ጮህኩ።

ጸሐፊው ተራው ሲደርስ ከረጢት ስለሌለው ኮፍያውን በትልቁ መዝገብ ላይ ገለበጠ። የድልድዩ ርዝመት ትዝ አላለውም። ላብ በላብ ሆኖ ቆየና፣ «ይደርሳል» ብሎ ጻፈ። ሹሙ አነበቡት፤ ልክ ነው ብለው ፈረሙበት። ድልድዩ እስከ ዛሬ በመዝገብ የሚታወቀው ይደርሳል ተብሎ ነው።

አርባው አለቀ። ቁልቁል ሮጥኩ። እንዴት እንደሮጥኩ አላውቅም፤ ጫማዬ የት እንደቀረ እስከ ዛሬ አላገኘሁም። ውሃው ወገቧ ላይ ደርሷል። ፊቷ ገርጥቷል፤ በሁለት እጇ በርጩማውን ጨምድዳ ይዛዋለች፣ ከንፈሯ እየተንቀጠቀጠ አንዱን ባለ አህያ «ተይዟል» ትላለች።

«ቤቱ ሲዘጋ የሻረግን ‹ተነሺ› በሏት» አልኩ። «የሻረግ፣ ተነሺ።»

ተነሣች። እግሯ አልያዘላትም፤ ያዝኳት። ወደ ላይ ስንወጣ ሕዝቡ፣ አህያው፣ ፍየሉ፣ ሙሽራው፣ ሁሉም እልል እያለ በአጠገባችን ድልድዩን ወረረው። የዚያን ቀን የነበረውን ደስታ ላወራው አልችልም። የማታውቁት ሰው ይስማችኋል። ሹሙ በአህያ ላይ ተቀምጠው ሲሻገሩ አየኋቸው፤ አህያዋ የማን እንደሆነች አያውቁም።

የሻረግ ግን ነጠላዋን እየጨመቀች፣ «ከእኔ በፊት ስንት ሰው ነበረ?» አለችኝ።

«አርባ።»

«ውሃው ጉልበቴ ሲደርስ የትኛው ላይ ነበራችሁ?»

«ድስቶቹን… እያመሰገንን ነበር።»

«ስንተኛው ድስት ላይ?»

«እኔ እንጃ። ዘጠነኛው መሰለኝ።» ከዚያ ቶሎ ብዬ፣ «ደንቡ ነው የሻረግ፤ መጀመሪያ የሰቀልሽው አንቺ ነሻ፤ መጀመሪያ የገባ መጨረሻ…» አልኩ።

«ደንቡን አውቀዋለሁ» አለች። «ሁለተኛ ግን መጀመሪያ አልገባም።»

ይህን የተናገረችው ለእኔ ነው፤ ሆኖም ድልድዩ ላይ የነበረው ሁሉ ሰማ። በማግስቱ አዲስ ወፍጮ ለመትከል ቤት ተከፈተ። የሻረግ ሰሌዳዋን ይዛ በሩ ላይ ቆመችና ለገመድ ያዡ «እርስዎ ይቅደሙ» አለችው። እሱም አሰበበትና «ኧረ በፍጹም፣ እርስዎ» አላት። ጸሐፊው መጣ፤ «ግድ የለም፣ እጠብቃለሁ» አለ። ወጥ ሠሪዋ «ለምን ብዬ! እናንተ ኑ ግቡ» አለች። እስከ ማምሻው አርባ አንድ ሰው እየተግደረደረ በሩ ላይ ዋለ፤ ምስማሩ ባዶውን ነበር። ከዚያ ቀን ወዲህ በከተማችን ሥራ የጀመረ ቤት የለም። በየደጃፉ ሰዎች ሰሌዳቸውን በብብታቸው ይዘው፣ አንዳቸው ሌላውን በክርን እየገፉ «ይቅደሙ እንጂ»፣ «ኧረ በሞቴ» ይባባላሉ። እንዲህ ተከባብረን አናውቅም። አቶ ደስይበለው የሚዘጋ ስላጡ ሥራ ፈትተዋል፤ የሚያልፉበትን መንገድ ሁሉ ግን ሰው እየለቀቀላቸው ተቸግረዋል።

ትናንትም እንደዚያው ቆመን ውለን፣ እኔና የሻረግ ተያይዘን ወደ ቤታችን ተመለስን። ይህኛው የተዋስነው አይደለም፤ የራሳችን ነው፤ ሰብሳቢ አይመጣበትም። መንገድ ላይ ዝናቡ ያዘን። በራችን ላይ ስንደርስ ቆመች። ውሃው ከፀጉሯ ይንጠባጠባል፤ ወደ በሩ እያየች፣ ቀስ ብላ «ቅደም» አለችኝ።

በከተማው ያለ ሰው ሁሉ የሚመልሰውን መልስ አውቀዋለሁ። አፌ ላይም መጥቶ ነበር።

ቀድሜ ገባሁ።